እሰይና ምጽ

ወርክሾፓችን ውስጥ እውነተኛ ስሜን የሚያስታውስ ሰው ያለ አይመስለኝም። ከብዙ ዓመት በፊት አንዱ ቀልደኛ "እትዬ ጆሮ" ብሎ ጠራኝ። እሱ ሥራውን ለቆ ሄደ፣ ቅጽል ስሙ ግን እኔ ላይ ተለጥፎ ቀረ። አልተቀየምኩም። ምን እቀየማለሁ? የምኖረው በጆሮዬ ነው።

ወርክሾፑ የታናሽ ወንድሜ ነው። ድሮ የውኃ ታንከር እንሠራ ነበር፤ አሁን የነፋስ ተርባይን ክንፍ እንሠራለን። እነዚያ ኮረብታ ላይ ተኮልኩለው ከሩቅ የሚታዩት ግዙፎቹ እንዳይመስሏችሁ። የእኛ ክንፍ ከአንድ ረጅም ሰው ቁመት ትንሽ ቢበልጥ ነው። ሦስቱ ተገጥመው ምሰሶ ላይ ሲወጡ ለአንድ ጤና ጣቢያ መብራትና ለክትባት ማቀዝቀዣው የሚሆን ኃይል ይሰጣሉ። እያንዳንዱ ክንፍ ከሁለት ግማሽ ይሠራል፤ ግማሾቹ በሙጫ ይጣበቃሉ። ሙጫው አንድ ቦታ ሳይደርስ ከቀረ ውስጡ ክፍተት ይኖራል። ከውጭ ሲያዩት ክንፉ ምንም አይልም፣ ያብረቀርቃል። ነፋስ የበረታ ቀን ግን እዚያች ቦታ ላይ ይሰነጠቃል፣ ጤና ጣቢያውም ጨለማ ይውጠዋል።

እኔ የምመጣው እዚህ ላይ ነው። እያንዳንዱን ክንፍ ከሥሩ እስከ ጫፉ በማንኪያ ጀርባ አንኳኳዋለሁ። ደህናው ክንፍ ድምፁን ይዞ ይቆያል፤ ክፍተት ያለበት ደፍ ብሎ ይቀራል። ማንኪያዬ ከእናቴ ቤት የመጣች ናት፣ ማንም እንዲነካት አልፈቅድም። አንድ ቀን ቀለም ቀቢያችን ሻዩን ሊያማስልባት ሲሞክር ደርሼ ቀማሁት፤ ከዚያም ሦስት ቀን ሙሉ ሰላምታ ነፈግኩት። እሱ አሁንም ሻዩን ሲያማስል ግራ ቀኝ ያያል።

እንግዲህ ለማንም ያልነገርኩትን ለእናንተ ልንገራችሁ። ከስምንት ወር በፊት አንድ ጠዋት ስነሳ ቀኝ ጆሮዬ ጥው ብሏል። ውኃ የገባበት መስሎኝ በአንድ እግሬ ዘለልኩ፤ ምንም የለም። ሐኪሙ ዘንድ ሄድኩ፤ ወዲያ ወዲህ አገላብጦ አየኝና "ነርቩ ነው፣ አይመለስም" አለኝ። ግራውም ቢሆን ቀጫጭን ድምፅ ላይ ደክሟል አለ። ካርዱን አጣጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና ቀጥታ ወደ ሥራ ገባሁ። ለወንድሜ አልነገርኩም፣ ለልጁም አልነገርኩም። ጆሮ የሌላት እትዬ ጆሮ ምን ትሠራለች? ወንበር ይዛ ጥግ ላይ ትቀመጣለች። እኔ ደግሞ ጥግ ላይ መቀመጥ አልችልበትም።

ከዚያ ትእዛዙ መጣ። አርባ ጤና ጣቢያዎች፣ መቶ ሃያ ክንፎች። ወንድሜ ወረቀቱን እያውለበለበ ገባ፤ በሥራ ዘመኑ እንዲህ ያለ ነገር አይቶ አያውቅም። አንድ ችግር ብቻ ነበረው። እያንዳንዱ ክንፍ በመሣሪያ መፈተሽ አለበት፣ የፍተሻውም ውጤት ተመዝግቦ መቅረብ አለበት።

"እታለም፣ ያንቺ ጆሮ ወርቅ ነው" አለኝ አንገቱን ደፍቶ። "ግን ማስረጃ አይጽፍም።"

እኔ እንደምጮህበት ጠብቆ ወደ በሩ አንድ እርምጃ ሸሸት ብሎ ቆሟል። እኔ ግን "ልጅህን ጥራት፣ እሷ መሣሪያ ታውቃለች" አልኩት። ልጁ ኢንጂነር ናት፤ ፋብሪካዎችን በዲጂታል መሣሪያ የማደራጀት ትምህርት ተምራለች። ወንድሜ ዓይኑን አፍጥጦ አየኝ። "አሞሻል?" አለኝ። ቀለም ቀቢውም "እትዬ፣ ማሽን እንዲገባ እርስዎ ፈቀዱ?" ብሎ ብሩሹን ከእጁ ጣለ። ማንም አልገባውም። እኔ የቸኮልኩት ግራ ጆሮዬ ሳይዘጋ ማሽኑ የማውቀውን ሁሉ እንዲማርልኝ ነው። እሱ ከተማረ ክንፉ ደህና ይወጣል፣ የእኔም ምስጢር ምስጢር ሆኖ ይቀራል።

የወንድሜ ልጅ ካርቶኖቿን ይዛ መጣች። እኔ ያሳደግኳት ያህል ናት፤ እናቷ ሥራ ስትውል እዚሁ ወርክሾፕ ውስጥ የውኃ ታንከር ክዳን ላይ ተኝታ ነው ያደገችው። በአንድ ሳምንት ቤቱን ሌላ ቤት አደረገችው። የክንፉን ቅርጽ ማውጫ በፕላስቲክ የሚያትም ፕሪንተር ተከለች። የሙጫው ፓምፕ ላይ ሙቀቱንና መጠኑን የሚለካ ሴንሰር አሠረች። ክንፉ እጃችን ላይ ሲሠራ ስክሪኑ ላይ ደግሞ መንትያው ይሠራል፤ የትኛው ክንፍ በስንት ሰዓት፣ በምን ሙቀት፣ በምን ያህል ሙጫ እንደተጣበቀ መንትያውን ከፍቶ ማየት ነው። ሙጫ ሲያንስ ፓምፑ ራሱ ይጮሃል። የሚባክነው ሙጫ በአንድ ወር ውስጥ በግማሽ ቀነሰ። ወንድሜ በየሰዓቱ መንትያዎቹን እየከፈተ ያያል፤ ገና የተወለደ ልጁን እንደሚያይ ሰው ፈገግ ይላል።

የመጨረሻው ሥራ ጆሮው ነበር። ልጅቷ ከማንኳኪያው ጠረጴዛ በላይ ማይክራፎንና ካሜራ ሰቀለች፣ ከጎኑም ሦስት መብራት ያለው ሳጥን አስቀመጠች። አረንጓዴ "ደህና ነው"፣ ቀይ "ክፍተት አለው"፣ ቢጫ "አላውቅም" ማለት ነው።

"አክስቴ፣ አንቺ እንደሁልጊዜው አንኳኪ፤ እኔ ፍርድሽን እየመዘገብኩ አስተምረዋለሁ" አለችኝ።

መጋዘን የቆየውን፣ የተጣለውን፣ አዲሱን ሰብስበን ሁለት መቶ ያህል ክንፍ አገኘን። ሁለት ወር ሙሉ አንኳኳሁ። ልጅቷ በግራዬ ትቀመጣለች፤ እኔም ደስ ብሎኛል፣ በዚያ በኩል እሰማታለሁና። ማሽኑ መጀመሪያ ላይ ሰነፍ ተማሪ ነበር፣ ሁሉንም ቢጫ ይላል። ከዚያ እየገባው መጣ። በሁለተኛው ወር መጨረሻ ከመቶ ዘጠና ስምንቱን እንደ እኔ ፈረደ። ወንድሜ ጨፈረ። በቃ፣ ጆሮዬን አወረስኩ ብዬ ተነፈስኩ።

ተቆጣጣሪዋ ልትመጣ ዘጠኝ ቀን ሲቀራት ልምምድ እናድርግ ተባለ። ያን ጠዋት እኔ ጥርሴን ተነቅዬ ነበር። አፌ ውስጥ ጥጥ ተጎስጉሷል፤ ሐኪሟ እስከ ቀትር እንዳልናገር አስጠንቅቃኛለች። ለማንኳኳት አፍ አያስፈልግም ብዬ መጣሁ።

የመጀመሪያውን ክንፍ አንኳኳሁ። ቢጫ። ሁለተኛውን አንኳኳሁ። ቢጫ። ትናንት አረንጓዴ ያበራላቸው እነዚያው ክንፎች ናቸው! ሦስተኛ፣ አራተኛ፣ አምስተኛ፤ ሁሉም ቢጫ። ወንድሜ ላቡን በእጅጌው ይጠርጋል። ልጅቷ ገመዶቹን ነቅላ ሰካች፣ ኮምፒውተሩን አጥፍታ አበራች። ቢጫ።

"መጥፎውን ሞክሪው" አለኝ ወንድሜ። ለማስተማሪያ ያስቀመጥነው አንድ ክንፍ አለ፤ ከመሰንጠቁ የተነሣ እጅ ያስገባል። እሱን አመጣሁና አንኳኳሁ። ልክ በዚያች ቅጽበት ቀለም ቀቢው ስልኩን ወደ ላይ ይዞ በሩን በርግዶ ገባ።

"እሰይ! እሰይ! አያት ሆንኩ! ልጄ በሰላም ተገላገለች!"

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ።

ሁላችንም ባለንበት ደረቅን። ቀለም ቀቢው ደስታውን የሚጋራው ሰው አጥቶ "ምነው? ሴት ናት እኮ፣ ሦስት ኪሎ ተኩል!" ይላል። ልጅቷ ቀስ ብላ ወደ ማይክራፎኑ ቀረበች። ምንም ሳታንኳኳ "እሰይ" አለች። አረንጓዴ። ከንፈሯን መጠጠችና "ምጽ" አለች። ቀይ። ወንድሜ የሻይ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ በጣቱ ነካ አደረገውና "እሰይ" አለው። አረንጓዴ።

"ብርጭቆውም ለተርባይን አለፈ" አለ ቀለም ቀቢው።

ጉዱ ገባን። እኔ ለካ ክንፍ ሳንኳኳ ደህና ሲሆንልኝ "እሰይ" እላለሁ፣ ሲበላሽብኝ ደግሞ "ምጽ" እላለሁ። ከታንከሩ ዘመን ጀምሮ ሃያ ምናምን ዓመት ስለው ኖሬያለሁ፤ ማለቴንም አላውቅም። ወንድሜም ልጁም ለዓመታት ስለለመዱት አይሰሙትም። ማሽኑ ግን እንግዳ ነው፣ ሰማው። ሁለት ወር ሙሉ የክንፍ ድምፅ ሲማር አልከረመም፤ የእኔን አፍ ሲጠብቅ ነው የከረመው። ፈተና ላይ ከአስተማሪው ፊት መልሱን እንደሚያነብ ተማሪ፣ ቀላሉን መንገድ አገኘ።

ልጅቷ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች። ሆዷን ይዛ ሳቀች፣ ከዚያ ሳቁ ሳያልቅ ማልቀስ ጀመረች። እኔ ጥጤን ተፋሁና አቀፍኳት። "ዘጠኝ ቀን አለን፣ ምን ያስለቅስሻል?" አልኳት። እሷን ሳጽናና ግን የራሴን ሒሳብ እሠራ ነበር። ጆሮዬን ለማንም አላወረስኩም ማለት ነው።

በማግስቱ እንደ አዲስ ጀመርን። ቀለም ቀቢው መስኮት ሲቀባ መስተዋቱ ላይ የሚለጥፈውን ወረቀት ፕላስተር አምጥቶ አፌ ላይ ለጠፈልኝ። "ይቺን ቀን ስመኝ ኖርኩ፣ ለማንኪያዋ ካሳዬ ናት" አለና ፎቶ አነሣኝ። መልስ መስጠት ባልችልም በማንኪያዬ አስፈራራሁት። እያንዳንዱን ክንፍ አንኳኩቼ ስጨርስና ማይክራፎኑ ሲዘጋ ፍርዴን ወረቀት ላይ እጽፋለሁ። በአራት ቀን ሁለት መቶውን ጨረስን። እጄ እስከ ትከሻዬ ዛለ።

በአምስተኛው ቀን ልጅቷ "አሁን በአንቺ ቃል ብቻ አንሄድም፣ አሥራ ሁለት ክንፍ በመጋዝ ከፍተን እናያለን" አለች። "ያንቺን ፍርድ ግድግዳው ላይ እንለጥፋለን፣ የማሽኑን ስክሪኑ ላይ እናስቀምጣለን፣ የሚፈርደው መጋዙ ነው።"

መጋዝ አያዝንም፣ ይሉኝታም የለው። ሆኖም ምን ብዬ እከለክላለሁ? "ጥሩ ነው" አልኩ።

ወንድሜ መነጽሩን አድርጎ መጋዙን አነሣ። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ክንፎች ላይ እኔም ማሽኑም ትክክል ነበርን። ቀለም ቀቢው እንደ እግር ኳስ አስተላላፊ ውጤቱን ይጮሃል። ሰባተኛው ላይ እኔ "ደህና" ብዬ ጽፌያለሁ፣ ማሽኑ ቀይ ብሏል። መጋዙ ክንፉን ለሁለት ከፈለው። መሃሉ ላይ መዳፍ የሚያህል ቦታ ሙጫ አልነካውም።

ወንድሜ ሊያጽናናኝ ፈልጎ "ሰው አይደለሽ? ማንም ይሳሳታል" አለ። ዝም ብዬ ባልፈው ያልፍ ነበር። ነገር ግን ያን ባዶ ቦታ ሳየው በስምንት ወር ውስጥ "እሰይ" ብዬ የሸኘኋቸው ክንፎች አንድ በአንድ ዓይኔ ላይ ዞሩ። የት እንዳሉም አውቃለሁ፤ አሥራ ሁለት ጤና ጣቢያ ላይ እየዞሩ ነው። አፍራለሁ ብዬ ዝም ካልኩ አንዱ ይሰነጠቃል።

"አልተሳሳትኩም፣ አልሰማሁትም" አልኩ። "ቀኝ ጆሮዬ ከስምንት ወር ወዲህ የለም። ግራውም ቀጫጭን ድምፅ ላይ ደክሟል፤ እሱን ማሽኑ ይሰማዋል። ደብቄያችሁ ነው። በዚህ ጊዜ የወጡት ክንፎች በሙሉ እንደገና ይፈተሹ።"

እንባዬ መጣ። ጥግ ላይ የሚቀመጠው ወንበር ታየኝ። ወንድሜ መጋዙን ዘግቶ መነጽሩን አወለቀ። ልጅቷ ግን ወደ ግራዬ ዞራ መጣችና እጄን ያዘችኝ።

"አውቃለሁ፣ አክስቴ።"

"ማን ነገረሽ?"

"ማንም። ካሜራው ላይ ሁልጊዜ በግራ ትከሻሽ ነው የምትዞሪው። በቀኝ በኩል ስጠራሽም አትመልሺልኝም። ለምን ይመስልሻል ሁለት ወር ሙሉ በግራሽ የተቀመጥኩት? ራስሽ እስክትነግሪን ጠበቅኩ።"

ወይ ጉዴ! እኔ ከእሷ የደበቅኩ መስሎኝ እሷ ከእኔ ስትደብቅ ከርማለች። ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ።

"የቀሩትን አምስት አትክፈት፣ ወረቀቴን ቅደደው፣ ማሽኑን ብቻ እመኑ" አልኩት ወንድሜን። እሱ ግን ግትር ነው፣ በዚህ ብቻ እኔን ይመስላል። መጋዙን መልሶ አስነሣ። ስምንት፣ ዘጠኝ፣ አሥር ደህና አለፉ። አሥራ አንደኛው ላይ ማሽኑ አረንጓዴ ብሏል፣ እኔ "ክፍተት አለው" ብዬ ጽፌያለሁ። ለምን እንደዚያ እንደጻፍኩ ራሴም አላስታውስም። ወንድሜ ቆረጠው። ከሥሩ አጠገብ፣ ክንፉ በጣም የሚወፍርበት ቦታ ላይ፣ ከውስጥ ተደብቆ ክፍተቱ ቁጭ ብሏል። አሥራ ሁለተኛውን ቆርጦ ደህና መሆኑን ካየን በኋላ ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

"ይሄኛውን እንዴት ሰማሽው?" አለ።

"እኔ ምን አውቄ!"

ልጅቷ ሮጣ ቪዲዮውን ከፈተች። ስክሪኑ ላይ ራሴን አየሁት። አፌ ላይ ፕላስተር ተለጥፎ፣ ማንኪያዬን ይዤ አንኳኳለሁ። የግራ መዳፌ ደግሞ የክንፉ ሥር ላይ ተለጥፏል። ልጅቷ ወደ ኋላ መለሰችው፤ በእያንዳንዱ ክንፍ ላይ መዳፌ እዚያው ቦታ ላይ ነው። ከዓመት በፊት የተነሣ አንድ ቪዲዮ ስልኳ ውስጥ ነበራት፣ እሱንም ከፈተች። እዚያ ላይ ግራ እጄ ወገቤ ላይ ነው።

ጆሮዬ ሲደክም እጄ ሳያማክረኝ ሥራውን ተረክቦታል። በጆሮ የማይሰማውን፣ በወፍራሙ ቦታ የሚታፈነውን ንዝረት መዳፌ ሲሰማው ከርሟል።

"አባዬ፣ እኛ ለማሽኑ አንድ ጆሮ ብቻ ነው የሰጠነው!" ብላ ልጅቷ ዘለለች። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ መዳፌ የሚያርፍበት ቦታ ላይ የሚለጠፍ ትንሽ የንዝረት ሴንሰር ገጠመች። ፕሪንተሩ ላይ ደግሞ የማንኪያዬን እጀታ ለክታ መያዣ አወጣችለት፤ በሞተር የሚንቀሳቀስ ክንድ ጫፍ ላይ አሰረችው። ማንኪያዬን ሳስረክብ አልዋሽም፣ ሆድ ባሰኝ። ክንዱ መጀመሪያ ላይ ቸኩሎ ያንኳኳ ነበር። "ቀስ በል፣ በር አይደለም የምትደበድበው!" ብዬ ስቆጣው ልጅቷ ፍጥነቱን ቀነሰችው።

በቀሩት ቀናት ሳጥኑንና ክንዱን ፒክ አፕ ላይ ጭነን ወደ አሥራ ሁለቱ ጤና ጣቢያዎች ሄድን። ወንድሜ መሰላል ይወጣል፣ ክንፍ ያወርዳል፤ ማሽኑ ያንኳኳል፣ እኔ መዳፌን አሳርፋለሁ። ሠላሳ ስድስት ክንፍ ፈተሽን። ሁለቱ ላይ ቀይ በራ። አንደኛው የተገኘበት ጤና ጣቢያ ነርሷ ማቀዝቀዣዋን ከፍታ የክትባት ጠርሙሶቿን እያሳየች "እስካሁን አንድም ቀን አላስቸገረንም እኮ!" አለችን። እኔ ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ ቆጠርኳቸው። አዲስ ክንፍ ገጥመንላት ተመለስን። የተበላሹትን ሁለቱን ወርክሾፓችን ግድግዳ ላይ ሰቀልናቸው። ወንድሜ ተቆጣጣሪዋ ከመምጣቷ በፊት ሊያወርዳቸው ነበር፤ እኔ መሰላሉን ደበቅኩበት።

ተቆጣጣሪዋ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ በአጭር የምትናገር ሴት ናት። በጨርቅ የተጠቀለሉ ሁለት ክንፎች ይዛ መጣች። ፓምፑን አየች፣ መንትያዎቹን አንድ በአንድ ከፈተች። ከዚያ ግድግዳውን ቀና ብላ አየችና "ከዚህ ቤት የተበላሸ ክንፍ ወጥቶ ያውቃል?" አለች።

ወንድሜ ሊመልስ ነበር። ቀደምኩት።

"ሁለት ወጥተዋል። እነዚያ ናቸው። ያሳለፍኳቸው እኔ ነኝ፣ ጆሮዬ ደክሞ ነበር፣ ደበቅኩ። ያገኛቸው ይሄ ማሽን ነው።"

ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። ደብተሯ ላይ አንድ ነገር ጻፈች። "አሁን ታዲያ የእርስዎ ሥራ ምንድን ነው?" አለችኝ።

ምን ልበላት? ራሴም የማላውቀውን ጠየቀችኝ። ልጅቷ ልትመልስ አፏን ስትከፍት ተቆጣጣሪዋ እጇን አነሣችና የመጀመሪያውን ክንፏን ጨርቅ ገልጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ክንዱ በማንኪያዬ ማንኳኳት ጀመረ። ከሥር እስከ ጫፍ ሄደ።

ቢጫ።

ወንድሜ ዓይኑን ጨፈነ። ልጅቷ ግን በዓይኗ ጠቀሰችኝ። ሄድኩና ግራ መዳፌን አሳረፍኩ፤ ክንዱ እንደገና አንኳኳ። ከሥሩ ወደ መሃል፣ ከመሃል ወደ ጫፍ መዳፌን አንቀሳቀስኩ። ጫፉ ጋ ስደርስ ንዝረቱ ጠፋ። ትንሽ ናት፣ አውራ ጣት ብታህል ነው።

"ምጽ" አልኩ። "እዚህ ጋ።"

ወንድሜ መጋዙን ሳያመጣ ተቆጣጣሪዋ ሳቀች። ስትስቅ ሌላ ሰው ሆነች። "ራሴ ነኝ ሆን ብዬ ያስቀረኋት" አለች። "እዚህች ላይ እስካሁን ያየኋቸው ማሽኖች በሙሉ አረንጓዴ አብርተውልኛል። የእናንተ ቢያንስ አላውቅም ማለት ያውቃል።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "ሥራዎን አየሁት። ስምዎንም ማስረጃው ላይ ይጻፉት፣ ከማሽኑ ጎን።"

ስሜን መጥራት የለመደ ስለሌለ ወንድሜ እንኳ "እትዬ..." ብሎ ቆመ። ቀለም ቀቢው ከት ብሎ ሳቀ። ራሴ ጻፍኩት።

ከዚያ ሁለተኛው ክንፍ ወጣ። ክንዱ አንኳኳ። አረንጓዴው በራ፣ ከበስተግራዬም አንድ ድምፅ ጮክ ብሎ "እሰይ!" አለ።

ደነገጥኩ። ልጅቷ ትንሽ ድምፅ ማጉያ በግራ ጆሮዬ ትክክል ሰቅላለች፤ ለእኔ አልነገረችኝም። ያን የተበላሸ የሁለት ወር ትምህርት አልጣለችውም ነበር። ከውስጡ አንዷን "እሰይ" ቆርጣ አውጥታ ለማሽኑ አፍ አደረገችለት። ድምፁ የእኔ ነው አሉኝ። እኔ ግን የሰማሁት ያንን ማንኪያ የሰጠችኝን እናቴን ነው፤ አንድ ነገር በትክክል በሠራሁላት ቁጥር ልክ እንዲህ ነበር የምትለኝ። ይሄን ያህል እንደምመስላት ሳላውቅ ኖርኩ። ከስምንት ወር ወዲህ እንደዚያ ጥርት ብሎ የሰማሁት ነገር የለም።

"እሰይሽን መቶ ሃያ ጊዜ ይላታል" አለችኝ ልጅቷ በግራ ጆሮዬ። "ትእዛዙ እስኪያልቅ።"

"ደህና የሆነውን ብቻ" አልኳትና የሚቀጥለውን ክንፍ እንድታመጣ ነገርኳት።